የጤፍ ፍሬ የምታህል ጭንቅላት እንዴት ትቀባለች?

እስቲ አንዲት የጤፍ ፍሬ ጣታችሁ ጫፍ ላይ አስቀምጡ። ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሁን ያቺን ጤፍ የራስ ቁር ያጠለቀ የጠፈር ወታደር ጭንቅላት ናት ብላችሁ አስቡ። ከሥሯ ትከሻ አለ፣ ደረት አለ፣ ጠመንጃ አለ፣ ቦት ጫማ አለ። ሁሉም ተደማምሮ ግን ከእግር እስከ ራስ 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ወታደር በብሩሽ ቀለም ቀቡት ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚባል የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አለ። ሁለት ተጫዋቾች በትንንሽ ወታደሮችና ታንኮች፣ በማስመሪያና በዳይስ የሚጋጠሙበት ነው። በሳይንስ ልብወለዶቹ የሚታወቀው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 (እ.ኤ.አ.) በአሻንጉሊት ወታደሮች ለመጫወት የሚያገለግል ደንብ በመጽሐፍ አሳትሟል። በ1987 ደግሞ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ “ዋርሃመር 40,000” የተባለው የሩቅ ዘመን ጨዋታ ወጣ። በዚህ ጨዋታ አንድ ተራ ሰው ወደ 28 ሚሊሜትር ይቆማል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ምናባዊ ዓለም ግዙፍ ሮቦቶች የሚፋለሙበት “አዴፕተስ ታይታኒከስ” መጣ። ግዙፍ ሮቦት ጠረጴዛ ላይ እንዲቆም ደግሞ ሰውየው በጣም ማነስ አለበት። የ6 ሚሊሜትር ወታደር ጥቅሙ ይኸው ነው፦ አንድ የምግብ ጠረጴዛ ላይ መቶ ወታደርና ሠላሳ ታንክ ይሰለፋል።

6 ሚሊሜትር ማለት 1:300 ማለት ነው። 1.80 ሜትር ሰው በ300 ሲካፈል 6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 9 ሜትር ታንክ 3 ሴንቲሜትር ይሆናል። እስከዚህ ቀላል ሒሳብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃውን 300 ጊዜ አሳነስነው፤ ቀለሙን፣ ውሃውን፣ ብርሃኑንና የራሳችንን ዓይን ግን አላሳነስናቸውም። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች በየኮርሱ የሚያጋጥመን ነገር ነው ይህ፦ አንድን ነገር ስታሳንሱ ሁሉም ባሕርይው እኩል አያንስም። ጥቃቅን ምስሎችን አሳምሮ መቀባት ማለት ከእነዚህ አራት “እምቢ አናንስም” ባዮች ጋር ተግባብቶ መሥራት ማለት ነው።

አንደኛ፦ ቀለሙ አያንስም

የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ300 አባዙት፤ 3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ ማለት ታንካችሁ ላይ የወረቀት ያህል ውፍረት ያለው ቀለም ከተኛ፣ በእውነተኛው ታንክ ላይ 3 ሴንቲሜትር የጭቃ ምርጊት እንደመለጠፍ ነው። በብረት ሳህኖች መካከል ያለው ክፍተት፣ የሞተሩ መተንፈሻ፣ የወታደሩ ቀበቶ፣ ሁሉም ይደፈናል። አንዴ የተደፈነ ዝርዝር ደግሞ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አጥቦ እንደገና ከመጀመር በስተቀር አይመለስም።

ስለዚህ ቀቢዎች ቀለሙን በውሃ ያቀጥናሉ። ለምን እንደሚሠራ እንይ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት አክሪሊክ ቀለም ሦስት ነገር ነው፦ ቀለሙን የሚሰጠው በጣም የላመ ዱቄት፣ ዱቄቱን የሚያጣብቀው ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ እና ውሃ። ሲደርቅ ውሃው ይተናል፤ የሚቀሩት ዱቄቱና ማጣበቂያው ናቸው። ለምሳሌ ከቀለሙ 40 በመቶው ጠጣር ነው እንበል። እርጥብ ሆኖ 0.1 ሚሊሜትር የተቀባው ሲደርቅ 0.04 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በታንኩ ዓለም 12 ሚሊሜትር ማለት ነው። ያንኑ ቀለም በእኩል ውሃ ብታቀጥኑትስ? 0.02 ሚሊሜትር ይቀራል፤ በታንኩ ዓለም 6 ሚሊሜትር። “ከአንድ ወፍራም ሁለት ቀጭን ይሻላል” የሚባለው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። ቀጭኑ መጀመሪያ ላይ ሥሩን ያሳያል፤ አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን ትደርባላችሁ።

ውሃውን ማብዛት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ማጣበቂያው ከመጠን በላይ ሲሳሳ ዱቄቱን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ቀለሙም ከተቀመጠበት ሸሽቶ ወደፈለገው ይሄዳል። ወደፈለገው ሲሄድ ደግሞ የት እንደሚሄድ ማወቅ ተገቢ ነው። ይህ ወደ ሁለተኛው ይወስደናል።

ሁለተኛ፦ ውሃው አያንስም

ከባልዲ የፈሰሰ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። በ6 ሚሊሜትር ወታደር ላይ ያለ ጠብታ ግን ቁልቁል መውረዱን ይረሳዋል። ለምን መሰላችሁ? ጠብታውን ሁለት ኃይሎች ይሻሙታል። አንደኛው የመሬት ስበት ነው። ሁለተኛው የገጽ ውጥረት ነው፦ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውሃው ገጽ እንደተወጠረ ስስ ቆዳ ይሆናል። ነፍሳት ውሃ ላይ ቆመው የሚሄዱት በዚህ ነው። የስበቱ ጉልበት የሚወሰነው በጠብታው ክብደት ነው፤ ጠብታው ሲያንስ ክብደቱ በጣም በፍጥነት ይቀንሳል። የገጽ ውጥረቱ ግን በዚያ ፍጥነት አይቀንስም። ለንጹሕ ውሃ የሁለቱ ድንበር 2.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ስበት ያሸንፋል፤ ከዚያ በታች የገጽ ውጥረት ይነግሣል። ወታደራችን ላይ ያለው ጎድጓዳ ሁሉ ከዚያ በታች ነው።

የኩራዝ ፈትል አስታውሱ። ላምባው ከሥር ወደ ላይ፣ ስበትን ተቃውሞ ይወጣል፤ በፈትሉ ክሮች መካከል ያለው ጠባብ ቀዳዳ ስለሚስበው ነው። ቀጭን ጥቁር ቀለም ታንኩ ላይ ስታፈሱም እንዲሁ ነው። ቀለሙ ወደ ስንጥቆችና ማዕዘኖች ራሱ እየተሳበ ይገባል፤ ከወጣ ያሉት ጠርዞች ላይ ይሸሻል። እናንተ 0.2 ሚሊሜትር ስንጥቅ ውስጥ መስመር ለማስመር እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከምትታገሉ፣ ፊዚክስ በሁለት ሰከንድ ይሠራላችኋል። ቀቢዎች ይህን “ዎሽ” ይሉታል። ዎሹ ስንጥቁ ውስጥ አልገባ ብሎ ከተንከባለለ፣ በስቴኪኒ ጫፍ የነካ ያህል የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት። ሳሙና የገጽ ውጥረትን ስለሚቀንስ ቀለሙ ይዘረጋል።

ዎሽ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠረጴዛ ላይ የተንጠባጠበ ቡና ሲደርቅ መሃሉ ነጣ ብሎ ዳር ዳሩን ጠቆር ያለ ቀለበት ይሠራል አይደል? በ1997 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ምክንያቱን “ኔቸር” መጽሔት ላይ አብራሩ። የጠብታው ጠርዝ ባለበት ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሃው ደግሞ በጠርዙ በኩል ፈጥኖ ይተናል። የተነነውን ለመተካት ከመሃል ወደ ዳር ፈሳሽ ይፈስሳል፣ የቡናውንም ቅንጣት ጠራርጎ ይወስዳል። ታንኩ ጣሪያ ላይ የተረሳ የዎሽ ጠብታም ልክ እንደዚሁ ቆሻሻ ቀለበት ይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳይደርቅ፣ እርጥብ በሆነ ንጹሕ ብሩሽ ከጠፍጣፋው ቦታ መጥጦ ማንሳት።

ይህ የቀቢዎች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤሌክትሮኒክ ሰርኪት እንደ ጽሑፍ በፕሪንተር የሚያትሙ መሐንዲሶችም ከዚሁ የቡና ቀለበት ጋር ይታገላሉ። በ2011 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈሳሹ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ክብ ከመሆን ይልቅ ሞላላ ሲሆኑ ቀለበቱ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ሞላሎቹ ጠብታው ገጽ ላይ እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ዳር መጎተትን ስለሚከላከሉ ነው።

ብሩሽስ? ለትንሽ ነገር ትንሽ ብሩሽ የሚሻል ይመስላል። ግን አይደለም። ጠብታ በዲያሜትር ግማሽ ሲሆን፣ ከይዘቱ አንጻር ለአየር የተጋለጠው ገጹ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በጣም ትንሽ ብሩሽ ላይ ያለች ቀለም ወታደሩ ጋ ሳትደርስ ትደርቃለች። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሆዱ ወፈር ያለ፣ ጫፉ ግን እንደ መርፌ የሾለ ብሩሽ ይመርጣሉ። ሆዱ የቀለም ጋን ነው፤ ጫፉ ደግሞ ብዕር ነው።

ሦስተኛ፦ ብርሃኑ አያንስም

ሜዳ ላይ የቆመ እውነተኛ ታንክ የሚበራለት በፀሐይ ነው። ፀሐይ ከእኛ ስትታይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስለምትሰፋ ጥላዋ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነው። የእናንተ ታንክ ግን ያለው ቤት ውስጥ ነው። 1 ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ከ1 ሜትር ርቀት ሲታይ ከ50 ዲግሪ በላይ ይሰፋል፤ ከፀሐይ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ጥላ ይደበዝዛል። ልክ ሰማዩ በደመና በተሸፈነ የክረምት ቀን እንደሚሆነው ሁሉ፣ ቅርጹ ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል።

ስለዚህ ቀቢው ቀለሙን ብቻ አይቀባም፤ ጥላውንና ፀሐዩንም አብሮ ይቀባል። ዎሹ ስንጥቁን ሲያጨልም የጠፋውን ጥላ መለሰ ማለት ነው። ፀሐዩን ለመመለስ ደግሞ “ደረቅ ብሩሽ” የሚባል ዘዴ አለ። ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም ውስጥ ትነክሩና በሶፍት ላይ ጠርጋችሁ ቀለሙ ያለቀ እስኪመስል ታደርቁታላችሁ። ከዚያ ታንኩ ላይ በቀስታ ስታመላልሱት ቀለሙ የሚነካው ወጣ ያሉትን ጠርዞች ብቻ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፦ መጀመሪያ ሁለመናውን ጥቁር ቀብቶ፣ ከዚያ ከላይ በኩል ብቻ ነጭ መንፋት። ነጩ የሚያርፈው ፀሐይ ልታርፍበት የምትችልበት ቦታ ላይ ነው። ከላዩ ስስ ቀለም ሲቀባበት ጥላው ከሥር ያሳልፋል።

አራተኛ፦ ዓይናችን አያንስም

ጤናማ ዓይን ሁለት ነገሮችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ቢያንስ የዲግሪ 1/60ኛ ያህል ርቀት ሲኖር ነው። ጨዋታው ላይ ወታደሩን የምናየው ከ60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው እንበል። በዚያ ርቀት 1/60ኛ ዲግሪ 0.17 ሚሊሜትር ይሆናል። በ300 ሲባዛ 5 ሴንቲሜትር። ትርጉሙ ይህ ነው፦ በእውነተኛው ዓለም ከ5 ሴንቲሜትር ያነሰ ዝርዝር በዚህ ጠረጴዛ ላይ በደንብ ተለይቶ አይታይም። የሰው ዓይን ኳስ 2.4 ሴንቲሜትር ነው፤ በወታደራችን ላይ 0.08 ሚሊሜትር ይሆናል። እና ዓይኑን ለመቀባት መታገል ምን ያደርጋል? ጎበዝ ቀቢ ከራስ ቁሩ ሥር አንድ ጥቁር ጥላ ያስቀምጥና ያልፋል። ተመልካቹ ራሱ ፊት ያያል።

በሌላ መንገድ አስቡት። 60 ሴንቲሜትርን በ300 ስታባዙ 180 ሜትር ይመጣል። ወታደሩን ጠረጴዛ ላይ ማየት፣ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ርቀት ሰው እንደማየት ነው። ከዚያ ርቀት ጓደኛችሁን በምን ትለያላችሁ? በቅንድቡ አይደለም። በማሊያው ቀለም፣ በቁመናው፣ በአረማመዱ ነው። ጨዋታው ላይም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ተጫዋቹ ጎንበስ ሳይል “ይኼ የኔ ነው፣ ያ የጠላት ነው፤ ይኼ ከባድ መሣሪያ ይዟል” ብሎ መለየት አለበት። ስለዚህ ከተለመደው ይልቅ ደመቅ ያለ ቀለም፣ የጎላ ልዩነት፣ ጥቂት ግን ግልጽ ምልክት።

ቀለም ሲመረጥም ዓይናችን አንድ የተደበቀ ጉድለት አለው። ሬቲናችን መሃል ላይ፣ አትኩረን የምናይበት ቦታ፣ በግምት የዲግሪ ሲሶ በሚያህል ክብ ውስጥ ለሰማያዊ ብርሃን የሚሠሩት ሴሎች የሉም። ትልቅ ነገር ስናይ አንጎላችን ስለሚሞላልን አይታወቀንም። 1 ሚሊሜትር የሆነ የትከሻ ምልክት ስናይ ግን ሙሉ ምልክቱ እዚያ ክብ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ጥቁር ላይ የተቀባ ጥቁር ሰማያዊ ምልክት ጥቁር መስሎ ይቀራል፤ ነጭ ላይ የተቀባ ፈዛዛ ቢጫም ነጭ ይመስላል። መላው የቀለሙን ዓይነት መቀየር ብቻ ሳይሆን የብርሃን ልዩነቱን ማስፋት ነው፦ ሰማያዊውን ማንጣት፣ ቢጫውን ጠቆር ያለ መደብ ላይ ማድረግ።

ሁሉም ሲገጣጠም

አሁን የሥራው ቅደም ተከተል በራሱ ግልጽ ይሆናል። መጀመሪያ ምስሉ በሳሙና ይታጠባል፤ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ቀለሙን እንዳይገፋ። አሥር ወታደር በአንድ የአይስክሬም እንጨት ላይ ይለጠፋል፤ 6 ሚሊሜትር ሰው በጣት ተይዞ አይቀባማ። ከዚያ ፕራይመር ይነፋል፤ ልሙጡ ፕላስቲክ ወይም ብረት ላይ ቀለም የሚቆነጥጥበት ሻካራ ገጽ ያገኛል። ከዚያ ቀጭን መነሻ ቀለም፣ ዎሽ፣ ደረቅ ብሩሽ፣ በመጨረሻም ሁለት ሦስት ነጠብጣብ፦ ጠመንጃው፣ የቡድኑ ምልክት፣ የታንኩ መብራት። መሬቱን ስትሠሩ ደግሞ ልኬቱን አትርሱ። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት በዚህ ዓለም የ15 ሴንቲሜትር ድንጋይ ናት።

ብሩሹን አፋችሁ ውስጥ አትክተቱ

ብሩሽ ሲበተን በከንፈር ማሾል የብዙ ቀቢዎች ልማድ ነው። ልማዱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን ታሪክ አለ። ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ወጣት ሴቶች ጨለማ ውስጥ የሚያበሩ የሰዓት ቁጥሮችን ይቀቡ ነበር። ቀለሙ ውስጥ ራዲየም ነበረበት፤ ብሩሹን በከንፈራቸው እንዲያሾሉም ተነግሯቸው ነበር። ራዲየም በኬሚካዊ ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነታቸው አጥንት ውስጥ አስቀመጠው፤ እዚያ ሆኖ ጨረር ይለቅ ጀመር። ብዙዎቹ መንጋጋቸው ተጎድቶ፣ ታመው ሞቱ። አምስቱ ከሰው በ1928 ጉዳዩ በካሳ ስምምነት አለቀ፤ ታሪካቸው በሥራ ቦታ ደኅንነት ሕግ ላይ ትልቅ አሻራ ትቷል።

የዛሬው አክሪሊክ ራዲየም የለበትም። ግን አንዳንድ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል። የድሮ የብረት ምስሎች ውስጥም እርሳስ አለ፤ ስትሞርዷቸው ብናኙን አትተንፍሱ፣ ከነካችኋቸው በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። የሚነፋ ፕራይመር ደግሞ ደጅ ነው የሚነፋው። ብሩሹን ለማሾል እርጥብ ሶፍት ላይ እያሽከረከሩ መጎተት ይበቃል፤ እርጥብ ፀጉሮችን አሰባስቦ የሚያሾላቸው ያው የገጽ ውጥረት ነው እንጂ ምራቅ አይደለም።

ምስሎቹ በእጃችሁ ባይኖሩም ፊዚክሱን ዛሬውኑ መሞከር ትችላላችሁ። አሮጌ የፕላስቲክ አሻንጉሊት መኪና ፈልጉና በሳሙና እጠቡት። ጥቁር የውሃ ቀለም እንደ ሻይ ቀጭን አድርጋችሁ በጥብጡ። ግማሹን መኪና ላይ አፍስሱ፤ ግማሹን እንዳለ ተዉት። የበሩ መስመር፣ የሞተሩ መክደኛና የመስኮቱ ጠርዝ ራሳቸውን ሲያሰምሩ ተመልከቱ። ከዚያ በጠብታ ሳሙና ድገሙትና ልዩነቱን መዝግቡ። ጣሪያው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትነኩ ተዉ፤ ስትደርቅ የቡናውን ቀለበት ታያላችሁ።